የጌይ ጋር ንብርብሮች፦ በሐረር ጁገል የነባር መኖሪያ ቤት ለውጦችን እንደ ታሪክ ማስረጃ ስለማንበብ

የአንድ አሮጌ ቤት ታሪክ ሲጠና ብዙውን ጊዜ በቅድሚያ የሚነሣው ጥያቄ «መቼ ተሠራ?» የሚል ነው። ይህ ጥያቄ ተገቢ ቢሆንም ለቤተ መንግሥትና ለቤተ አምልኮ እንጂ ለመኖሪያ ቤት ብዙም አይመችም። መኖሪያ ቤት በአንድ ወቅት ተጀምሮ በአንድ ወቅት የሚያልቅ ሥራ አይደለምና። ልጅ ሲዳር ክፍል ይጨመርበታል፤ ርስት ሲካፈል ይገመሳል፤ ጣሪያው ሲያፈስ ይቀየራል፤ መንግሥት ሲለወጥ ባለቤቱ ይለወጣል። ስለዚህ የነባር ቤት አጥኚ ሊጠይቀው የሚገባው ዋነኛ ጥያቄ «ምን ምን ለውጥ፣ በምን ቅደም ተከተልና በምን ምክንያት ተደረገበት?» የሚለው ነው።

ይህ አጭር ጽሑፍ ጥያቄውን በሐረር ጁገል ውስጥ በሚገኘውና ሐረሪዎች «ጌይ ጋር» ማለትም «የከተማ ቤት» ብለው በሚጠሩት ነባር መኖሪያ ቤት ላይ ያነሣል። ዓላማው ሦስት ነው፤ የቤቱን መሠረታዊ አወቃቀር መግለጽ፣ ካለፈው መቶ ሰባ ዓመት ወዲህ ያለፈባቸውን ዋና ዋና ለውጦች በቅደም ተከተል ማስቀመጥ፣ በመጨረሻም እነዚህ ለውጦች ለጥበቃ ሥራ ምን ትርጉም እንዳላቸው ማመልከት ነው። የጽሑፉ መከራከሪያ፣ ለውጦቹን ሁሉ እንደ ጉዳት ቆጥሮ ቤቱን ወደ አንድ «ጥንታዊ መልክ» ለመመለስ መሞከር ራሱን የቻለ የታሪክ ማጥፋት ሊሆን ይችላል የሚል ነው።

፩. የቤቱ መሠረታዊ አወቃቀር

ጁገል የሚባለው የግንብ አጥር በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ ዘመን እንደተሠራ ይታወቃል። በዚህ አጥር ውስጥ ያለው የከተማ ይዞታ በጠባብ መተላለፊያዎች የተከፋፈለ ነው። መንገደኛ በመተላለፊያው ሲያልፍ የሚያየው ከፍ ያለ የድንጋይ ግድግዳና የግቢ በር እንጂ የቤቱን ፊት አይደለም። ቤቱ ፊቱን የሚያዞረው ወደ ግቢው ነው። በግቢው ውስጥ እንደየቤተሰቡ አቅም አንድ ወይም ከዚያ በላይ ቤቶች፣ ማድ ቤትና ሌሎች የአገልግሎት ክፍሎች ይገኛሉ።

የቤቱ ግድግዳ ከአካባቢው ድንጋይ በጭቃ እየተያያዘ በወፍራሙ ይገነባል። ጣሪያው ጠፍጣፋ ነው፤ ከግድግዳ ግድግዳ የተዘረጉ እንጨቶች ከላያቸው የተደለደለ አፈር ይሸከማሉ። ከዚህ የሚከተል አንድ መሠረታዊ ሕግ አለ። የክፍሉ ስፋት የሚወሰነው በሚገኘው እንጨት ርዝመት ነው። እንጨቱ ከሚደርስበት በላይ ክፍሉን ማስፋት ስለማይቻል ቤቱ የሚያድገው በጎን በመቀጠል ወይም ወደ ላይ በመነሣት ነው።

የቤቱ እምብርት «ጊድር ጋር» (ትልቁ ቤት) የሚባለው ዋና ክፍል ነው። ከግቢው በቀጥታ ወደዚህ ክፍል ሲገባ ወለሉ አንድ ወጥ ሆኖ አይገኝም፤ «ነደባ» በሚባሉ፣ ከፍታቸው በሚለያይ አምስት መደቦች የተከፋፈለ ነው። ስማቸው ቦታቸውንና ማዕረጋቸውን ይናገራል፤ አሚር ነደባ (የአሚሩ መደብ)፣ ጊድር ነደባ (ትልቁ)፣ ጢት ነደባ (ትንሹ)፣ ሱትሪ ነደባ (ስውሩ) እና ገብቲ ኤሄር ነደባ (ከበሩ በስተ ኋላ ያለው) ይባላሉ። ማን የት እንደሚቀመጥ ዕድሜ፣ ክብርና ዝምድና ይወስኑታል። በሌላ አነጋገር ወለሉ ራሱ የማኅበራዊ ሥርዓት መጽሐፍ ነው፤ ከፍታው የአንድ ስንዝር ልዩነት ቢሆንም የሚያመለክተው የማዕረግ ልዩነት ትልቅ ነው።

ከመደቦቹ በላይ ግድግዳው ውስጥ የተቀረጹ ሥርጉዶች አሉ። በእነርሱ ውስጥ መጻሕፍት፣ የሸክላ ዕቃና የቤት ንብረት ይቀመጣል። ከሥርጉዶቹ ውጭ ያለው የግድግዳ ክፍል በሐረሪ ሴቶች በተሠሩ ስፌቶችና በሳህኖች ይሸፈናል። በዋናው ክፍል ጎን «ቂርጣት» የሚባለው ክፍል ይገኛል፤ አዲስ ተጋቢዎች የጫጉላቸውን ጊዜ የሚያሳልፉበት እንደነበረ በሰፊው ይነገራል። ከቂርጣቱ በላይ ደግሞ «ቀላ» የሚባል ቆጥ አለ። ከዋናው ቤት ጋር ተያይዞ የሚሠራው «ጢት ጋር» (ትንሹ ቤት) ሌላው የቤቱ አካል ነው።

፪. የ1847 ዓ.ም. ምስክርነት

ለጌይ ጋር ታሪክ የጽሑፍ ማስረጃ ከሚሰጡት ቀደምት የውጭ ሰዎች አንዱ በ1847 ዓ.ም. ወደ ከተማይቱ ገብቶ ዐሥር ቀናት ያህል የቆየው እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን ነው። በርተን ለከተማይቱና ለነዋሪዎቿ የነበረው አመለካከት ንቀት የተሞላበት በመሆኑ ጽሑፉ በጥንቃቄ ሊነበብ ይገባል። ይሁን እንጂ የሕንፃ ዝርዝሮችን ሲገልጽ ዓይኑ ንቁ ነበር፤ ሁለቱ ምልከታዎቹም ለዚህ ጥናት በተለይ ጠቃሚ ናቸው።

አንደኛው፣ ጠፍጣፋ ጣሪያ ካላቸው ረጃጅም የድንጋይ ቤቶች ጎን በሣር የተከደኑ ጎጆዎችም በከተማው ውስጥ መኖራቸውን መዝግቧል። ከዚህ የምንረዳው ጌይ ጋር የሁሉም ነዋሪ ቤት ሳይሆን አቅም ያለው ቤተሰብ ቤት እንደነበረ ነው። ዛሬ «የሐረር ቤት» ሲባል በአእምሯችን የሚመጣው አንድ ዓይነት ቤት፣ በዚያን ዘመን ከሌላ ዓይነት ቤት ጋር ጎን ለጎን ይቆም ነበር። የድንጋዩ ቤት ቀርቶ የሣሩ ጎጆ ስለጠፋ፣ የቀረው የጠፋውንም ወክሎ መቆሙ የማይቀር ሆነ።

ሁለተኛው ምልከታ ይበልጥ የሚያስገርም ነው። በርተን የአሚሩ ቤት ራሱ ከድንጋይና ከቀይ ጭቃ የተሠራ ረጅም፣ ባለ አንድ ደርብና መስኮት አልባ ሕንፃ እንደነበረ፣ ከሌሎች የሚለየውም ከበሩ በላይ በተቀባ ስስ ኖራ ብቻ እንደነበረ ጽፏል። ቤትን በኖራ መቀባት ለአሚሩና ለዋና ሹሙ ብቻ የተፈቀደ መለያ እንደነበረም ይገልጻል። ዛሬ የጁገልን መተላለፊያ የሚጎበኝ ሰው በኖራና በልዩ ልዩ ደማቅ ቀለም የተቀቡ ግድግዳዎችን «ጥንታዊ ባህል» ብሎ ፎቶግራፍ ያነሣል። የበርተን ምስክርነት ትክክል ከሆነ ግን ነጩ ግድግዳ በሁሉም ቤት ላይ መታየት የጀመረው የአሚሮቹ ሥርዓት ከላላ ወይም ካከተመ በኋላ መሆን አለበት። እንግዲህ ኖራው ራሱ የለውጥ ንብርብር ነው፤ ያውም የፖለቲካ ለውጥ።

፫. የለውጥ ንብርብሮች

ሀ) ከ1868 እስከ 1879 ዓ.ም. ሐረር በ1868 ዓ.ም. በግብፅ ጦር ተይዛ እስከ 1877 ዓ.ም. በግብፅ አስተዳደር ሥር ቆየች። ከዚያ በኋላ አሚር አብዱላሂ ለአጭር ጊዜ ከገዙ በኋላ በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት በምኒልክ ጦር ተሸነፉ፤ ከተማይቱም በኢትዮጵያ መንግሥት ሥር ገባች። ይህ ጦርነት በቤቱ ውስጥ የራሱን ምልክት እንደተወ የሐረሪ ትውፊት ይናገራል፤ መደቦቹና ወለሉ የሚቀቡበት ቀይ አፈር በጨለንቆ የወደቁትን ሰዎች ደም ያስታውሳል ይባላል። ቀዩ ቀለም ከጦርነቱ በፊትም ይኖር አይኖር ሌላ ጥያቄ ሆኖ፣ አሁን የያዘው ትርጉም ግን የዚያ ዘመን ነው። የአንድ ቤት ወለል የሐዘን መታሰቢያ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ የተሻለ አብነት ማግኘት ያስቸግራል።

ለ) የሕንድ ነጋዴዎች ቤት። ከ1879 ዓ.ም. በኋላ ወደ ሐረር የመጡ ሕንዳውያን ነጋዴዎች ሌላ ዓይነት ቤት ይዘው መጡ። ይህ ቤት አራት ማዕዘን ቀላል ቅርጽ ያለው ባለ አንድ ፎቅ ሕንፃ ሲሆን ወደ መንገድ ወይም ወደ ግቢ የሚያይ የእንጨት በረንዳ አለው። ዛሬ በፈረንሳዊው ገጣሚ በራምቦ ስም የሚጠራው ሙዚየምም ሆነ የራስ ተፈሪ ቤት እየተባለ የሚታወቀው ሕንፃ ከዚህ ወገን ናቸው። የዚህ ዓይነት ቤት ከጌይ ጋር ጋር ያለው ልዩነት የጌጥ ብቻ አይደለም። ጌይ ጋር ከመንገድ ፊቱን ይሰውራል፤ የሕንዱ ቤት ለመንገድ ፊቱን ይሰጣል። የመጀመሪያው የቤተሰብን ገመና ሲጠብቅ፣ ሁለተኛው ገበያተኛን ይጋብዛል።

ብዙ ሳይቆይ ሁለቱን ያዳቀለ ሦስተኛ ዓይነት ተወለደ። በውስጡ መደብና ሥርጉድ የያዘ፣ በውጭው ግን በረንዳና መስኮት ያለው ቤት ማለት ነው። በ1998 ዓ.ም. ዩኔስኮ ሐረር ጁገልን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ እነዚህን ሦስት ዓይነት ቤቶች ለየብቻቸው ጠቅሷል። ይህም ማለት የተመዘገበው ቅርስ ያልተለወጠው ጌይ ጋር ብቻ ሳይሆን ለውጡም ጭምር ነው።

ሐ) ቆርቆሮ። የጅቡቲው ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ሲደርስ የሐረር የንግድ ማዕከልነት ቀስ በቀስ ወደ አዲሲቱ ከተማ አዘነበለ። በአንጻሩ የፋብሪካ ዕቃ ወደ አካባቢው ማምጣት ቀለለ። ቆርቆሮ በጠፍጣፋው የአፈር ጣሪያ ላይ ያደረሰው ለውጥ ቀላል አይደለም። የአፈር ጣሪያ ከባድ ነው፤ ከክረምት በፊት መደልደልና መጠገን ይፈልጋል። ጥገናው ከተቋረጠ ውኃ ወደ እንጨቱና ወደ ግድግዳው ጭቃ ይሰርጋል። ቆርቆሮ ቀላል፣ ፈጣንና ዓመታዊ ድካም የማይጠይቅ ነው። ነገር ግን ዝናቡ እንዲወርድለት ተዳፋት ይፈልጋል፤ ስለዚህ የቤቱ የሰማይ ገጽታ ይለወጣል። አሸንዳ ካልተገጠመለት ደግሞ የሚያወርደው ውኃ የግድግዳውን ሥር ይቦረቡራል። ከዚህም በላይ የወፍራም አፈር ሙቀትንና ብርድን የማቻቻል ችሎታ ይቀራል።

ለአጥኚው ግን አንድ መልካም ዜና አለ። ቆርቆሮ ሲለበስ የቀድሞው ጣሪያ ሁልጊዜ አይፈርስም፤ አሮጌው እንጨት እንደ ኮርኒስ ሆኖ ከሥር ይቀራል። እንዲህ በሚሆንበት ቤት አዲሱ ጣሪያ የአሮጌው ጠባቂ ሆኗል ማለት ነው።

መ) የ1967 ዓ.ም. አዋጅ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው፣ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቤትን የባለቤትነት መሠረት ከሥሩ ለወጠው። አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው ተወሰነ፤ የወር ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆነ ትርፍ ቤቶች በከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት፣ ማለትም በቀበሌ፣ እጅ ገቡ።

አዋጁ የሕንፃ ሕግ አልነበረም፤ ውጤቱ ግን የሕንፃም ነበር። ለአንድ ቤተሰብ የተሠራ ግቢ ለብዙ አባወራ ሲከፋፈል ጊድር ጋር በክፋይ ግድግዳ ወይም በኮምፔርሳቶ ይገመሳል፤ ቂርጣቱ የሌላ ቤተሰብ መኖሪያ ይሆንና የራሱ በር ይከፈትለታል። በአምስት መደብ የተገለጸው ሥርዓት ትርጉም የሚኖረው ግን ክፍሉ አንድ ሆኖ ሲቆይ ነው። አሚር ነደባ በአንዱ ተከራይ፣ ጢት ነደባ በሌላው ተከራይ ክፍል ከዋሉ መደብነታቸው ቀርቶ ከፍና ዝቅ ያለ ወለል ብቻ ይሆናሉ። የኪራዩ ገቢ ለጥገና የማይበቃ ሲሆን፣ ተከራዩ የማይወርሰውን ቤት እንዲያድስ፣ የቀድሞው ባለቤትም የተወሰደበትን እንዲጠግን የሚያነሣሣው ነገር አልነበረም።

ሠ) ሲሚንቶ። የመጨረሻው ንብርብር በመካሄድ ላይ ያለው ነው። ብሎኬት፣ የብረት በር፣ የሲሚንቶ ልስንና የወለል ንጣፍ ወደ ግቢዎቹ ገብተዋል። የሲሚንቶ ልስን ጠንካራ መስሎ ስለሚታይ ይመረጣል። ይሁን እንጂ በጭቃ የተያያዘ የድንጋይ ግድግዳ ከመሬትና ከዝናብ የሚስበውን ርጥበት በገጹ በኩል ማስወጣት ይኖርበታል። ኖራ ይህን ይፈቅዳል፤ ሲሚንቶ ይከለክላል። ርጥበቱ ውስጥ ሲታፈን ጭቃው ይላላል፣ ልስኑም ከግድግዳው ይለያል። ስለዚህ በሲሚንቶ ላይ የሚቀርበው ክርክር የውበት ብቻ ሳይሆን የቤቱ የመቆም አለመቆም ጉዳይ ነው።

፬. ንብርብሮቹን የማንበቢያ ዘዴ

የግንባታ ሰነድ በሌለበት ቤት ውስጥ ቅደም ተከተልን ለመለየት የሚረዱ አምስት መርሖች እነሆ።

1. የሚቆርጥ ከሚቆረጠው ያንሳል። ክፋይ ግድግዳ አንድን ሥርጉድ ለሁለት ቢከፍለው ሥርጉዱ ይቀድማል። መደብ በግድግዳ ሥር አልፎ በወዲያኛው ክፍል ከቀጠለም ግድግዳው ኋላ የመጣ ነው።

2. ያልተቆላለፈ ማዕዘን ጭማሪን ያመለክታል። አብረው የተገነቡ ግድግዳዎች ድንጋያቸው በማዕዘኑ ላይ ይቆላለፋል። ቀጥ ብሎ የሚወርድ ስንጥቅ ካለ ሁለቱ ግድግዳዎች በተለያየ ጊዜ እንደተሠሩ መጠርጠር ይገባል።

3. ልስን እንደ መጽሐፍ ገጽ ይቆጠራል። ከበር መቃን ጎን ወይም በተላጠ ቦታ ላይ የቀለሙና የልስኑ ንብርብር ከውስጥ ወደ ውጭ ይመዘገባል። ከጭቃ ወደ ኖራ፣ ከኖራ ወደ ዘይት ቀለም፣ ከዚያም ወደ ሲሚንቶ የሚደረገውን ሽግግር በአንድ መዳፍ ስፋት ላይ ማንበብ ይቻላል።

4. ጣሪያ ከታችም ከላይም ይታያል። ቆርቆሮው አዲስ ቢሆንም ከሥሩ ያለው እንጨት፣ በግድግዳው አናት ላይ የቀረ የአፈር ቅሪትና የእንጨት መቀመጫ ቀዳዳ የቀድሞውን ጣሪያ ከፍታ ይነግራሉ።

5. የነዋሪ ትዝታ በዓመተ ምሕረት አይመጣም። «መቼ ተከፈለ?» ተብሎ የማይመለስ ጥያቄ «ከማን ሠርግ በፊት? ከማን ሞት በኋላ?» ሲባል ይመለሳል። እነዚህ ክስተቶች ከታወቁ ዓመታት ጋር ሲያያዙ የቤቱ የዘመን ሰንሰለት ይገኛል።

ለአብነት ያህል የሚከተለውን ቤት እናስብ። ጊድር ጋሩ በብሎኬት ለሁለት ተከፍሏል፤ ብሎኬቱ ከመሐል ያለውን ሥርጉድ ቆርጦታል። በግቢው በኩል የእንጨት በረንዳ አለ፤ የበረንዳው ምሰሶዎች ግን ከዋናው ግድግዳ ጋር ሳይቆላለፉ ተጠግተው ቆመዋል። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ከሥሩ አሮጌው እንጨት አለ። ከእነዚህ ሦስት ምልክቶች ብቻ ዋናው ቤት ከሁሉም እንደሚቀድም፣ በረንዳው በኋላ እንደተጨመረና ብሎኬቱም ከሥርጉዱ በኋላ እንደመጣ ማረጋገጥ ይቻላል። በረንዳውና ቆርቆሮው የትኛው እንደሚቀድም ግን ገና አልታወቀም፤ ለዚያ ሁለቱ የሚገናኙበትን የጣሪያ ጠርዝ መመርመር ያስፈልጋል። ጥሩ ጥናት የሚያውቀውንና የማያውቀውን እንዲህ ይለያል።

፭. ምን ይጠበቅ?

የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በቅርስ ላይ የሚደረግ ጥገናና ዕድሳት በሚመለከተው ባለሥልጣን ፈቃድ እንዲከናወን ይጠይቃል። ይሁንና ፈቃድ ሰጪውም ሆነ ባለቤቱ «ቤቱ ወደ የትኛው ዘመን ይመለስ?» የሚለውን ጥያቄ መመለስ ይኖርባቸዋል። ለጎብኝ የሚዘጋጁ አርአያ ቤቶች ይህን ጥያቄ በቀላሉ ያልፉታል፤ አምስት መደብ፣ ቀይ ወለል፣ ነጭ ግድግዳና የተሟላ ስፌት በአንድነት ያሳያሉ። ለማስተማሪያነት ጠቃሚዎች ናቸው። ግን ከላይ እንዳየነው ነጩ ግድግዳ ከአሚሮቹ ዘመን ሥርዓት ጋር ይጋጫል፤ የቀዩ ወለል ትርጉምም ከ1879 ዓ.ም. ወዲህ ያለ ነው። አርአያው ቤት ጥንታዊ የሚመስለው የተለያዩ ዘመናትን ስላዋሐደ ነው።

በሌላ በኩል «ለውጥ ሁሉ ታሪክ ነው» ብሎ እጅን አጣጥፎ መቀመጥም አይቻልም። ክፋይ ግድግዳው የ1967 ዓ.ም. አዋጅ ምስክር መሆኑ እውነት ነው፤ ሆኖም በአንድ ጠባብ ክፋይ ውስጥ ልጆቿን የምታሳድግ እናት ምስክርነቱ እንዲቆይላት ሳይሆን ውኃና መጸዳጃ እንዲገባላት ትፈልጋለች። ፍላጎቷ ከቅርሱ ያነሰ አይደለም። ጌይ ጋር ለዘመናት የቆየው ሰው ስለኖረበት ነው፤ ሰው የለቀቀው የአፈር ጣሪያ ጥቂት ክረምት እንኳ አይሻገርም።

ስለሆነም ለውጦችን በሦስት ከፍሎ ማየት ይጠቅማል። አንደኛው ክፍል ሊመለስ የሚችል ለውጥ ነው፤ ኮምፔርሳቶ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ መደቡን ሳያፈርስ የተነጠፈ ምንጣፍ የዚህ ዓይነት ናቸው። እነዚህ ሊፈቀዱ ይገባል፤ ነገ ቢነሡ ቤቱ ምንም አይጎድልበትምና። ሁለተኛው የማይመለስ ግን የራሱ ዋጋ ያለው ለውጥ ነው፤ የእንጨት በረንዳውና የተዳቀለው ቤት ከዚህ ይመደባሉ። እነዚህ እንደ ዋናው ቤት ሁሉ ሊጠበቁ ይገባል። ሦስተኛው የማይመለስና ቤቱን የሚያፈርስ ለውጥ ነው፤ መደቦችን ደልድሎ አንድ ወለል ማድረግ፣ ሥርጉዶችን መድፈን፣ የጭቃ ግድግዳን በሲሚንቶ መለሰን። መከልከል ያለበት ይህ ነው፤ ክልከላው ግን ከአማራጭ ጋር መምጣት አለበት። ኖራና የለሳኝ ሙያ በአቅራቢያና በተመጣጣኝ ዋጋ ካልተገኙ ሰው ሲሚንቶ መግዛቱ አይቀርም።

ማጠቃለያ

ጌይ ጋር ከ1847 ዓ.ም. ወዲህ ብቻ እንኳ ቢያንስ አምስት ጊዜ መልኩን ለውጧል። እያንዳንዱ ለውጥ የሚያመለክተው ከቤቱ ውጭ የተከሰተ ነገር አለ፤ ኖራው የአሚሮቹን መለያ መሻር፣ ቀዩ ወለል የጦርነትን ሐዘን፣ በረንዳው የንግድን መስፋፋት፣ ቆርቆሮው የባቡርን መምጣት፣ ክፋይ ግድግዳው የአብዮቱን አዋጅ ይዘግባል። የከተማይቱ ታሪክ በመዛግብት ከተጻፈው ይልቅ በእነዚህ ግድግዳዎች ላይ በይበልጥ ዝርዝር ተጽፏል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከዚህ በመነሣት ሁለት ተግባራዊ ሐሳቦች ይቀርባሉ። የመጀመሪያው፣ በጁገል ውስጥ ማንኛውም ዕድሳት ከመጀመሩ በፊት የቤቱ ንብርብሮች በሥዕል፣ በልኬትና በፎቶግራፍ እንዲመዘገቡ ነው፤ ይህ ሥራ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅና በድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ሊከናወን የሚችል ነው። ሁለተኛው፣ በመመዝገቡ ሥራ ላይ የየቤቱ ነዋሪዎች፣ ባለቤት ይሁኑ ተከራይ፣ እንደ መረጃ ሰጪ ብቻ ሳይሆን እንደ ውሳኔ ተካፋይ እንዲቆጠሩ ነው። የሚቀጥለውን ንብርብር የሚጨምሩት እነርሱ ናቸውና፣ ከበታቹ ያለውን አውቀው ቢጨምሩት ቤቱም ታሪኩም ይተርፋል።